ስለ እርሳስ አረር ቅባት፦ ሻማና የተቃጠለ ዘይት ቅባት አይሆኑም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በእጅ ሙያ ዓምዳችሁ የወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ሻማና የተቃጠለ የሞተር ዘይት እኩል ለእኩል እሳት ላይ አቅልጦ ለእርሳስ አረር ቅባት ማድረግ እንደሚቻል ይገልጻል። ይህን የተከተለ አንባቢ የጠመንጃውን በርሜል ያበላሻል፤ ሲብስም ቤቱን በእሳት ያያይዛል። ዝም ብሎ ማለፍ ስለማይገባ ይህን ጽፈናል።

እርሳስ ለስላሳ ብረት ነው። ከአረሩ ኋላ የሚገፋው ትኩስ ጋዝ በጎን ሾልኮ ካለፈ እርሳሱን እየላጠ በርሜሉ ላይ ይለጥፈዋል። በአረሩ ወገብ ዙሪያ ባሉት ቀለበታማ ቦዮች የሚሞላው ቅባት ፍትጊያውን ያቀላል፣ ጥቃቅን ክፍተቶችንም ይደፍናል። ጥቃቅን ያልነው በምክንያት ነው። አረሩ ከበርሜሉ የውስጥ ቦይ ስፋት ከ0.025 እስከ 0.05 ሚሊሜትር መብለጥ አለበት። ካነሰ በዓለም ላይ ያለ ቅባት ሁሉ ቢቀባ አይጠቅመውም። ብዙ ሰው የቅባት ዓይነት እየቀያየረ የሚደክመው አረሩን ማይክሮሜትር በሚባለው የረቂቅ ልክ መለኪያ ሳይለካ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በርሜሉ ራሱ ይናገራል፦ እርሳሱ የተለጠፈው ጥይቱ ከሚጎርስበት የበርሜሉ ኋላ አጠገብ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የአረሩ ልክ አንሷል፤ ወደ አፈሙዙ ጫፍ ከሆነ ግን ቅባቱ መንገድ ላይ አልቋል ማለት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። መሠረቱ ንጹሕ የንብ ሰም ነው። ሰም ይጣበቃል፣ ይለጠጣል፣ ቦዩን ይዞ ይቆያል። ሻማ የሚሠራበት ፓራፊን ግን ብቻውን ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ከቦዩም ተፈርፍሮ ይወድቃል፤ ቀለምና ሽታ የተጨመረበት ከሆነማ ጭራሽ አይነካም። ለጀማሪ የሚበጀው ልክ ይህ ነው፦ 100 ግራም ሰም፣ 90 ግራም ተራ ቫዝሊን፣ 10 ግራም ላኖሊን (ከበግ ፀጉር የሚወጣ ቅባት)። ሰምን ከማለስለሻ ጋር በግማሽ በግማሽ ማዋሃድ የቆየ ልማድ ነው፤ በአሜሪካ እጅግ የታወቀው ቅባትም ግማሹ ሰም፣ ግማሹ አሎክስ 2138ኤፍ የሚባለው ውህድ ነው። በሚዛን ይሠፈር እንጂ በማንኪያ አይሁን፤ የቫዝሊን ማንኪያና የተፈረፈረ ሰም ማንኪያ ክብደታቸው አይገናኝም።

ሰሙ ጉድፍ ካለበት አስቀድሞ ከውሃ ጋር ይቅለጥና ሳይነካ ይቀዝቅዝ። ቆሻሻው ከታች ስለሚረጋ ከተጋገረው ሰም ሥር በቢላዋ ይፋቃል። ከዚያ በደንብ ይድረቅ፤ ውስጡ የቀረ ውሃ ቅባቱን አረፋ ያደርገዋል፣ ብረትንም ያዝጋል።

ማቅለጫው ዕቃ የፈላ ውሃ በያዘ ሌላ ድስት ውስጥ ይቀመጥ። ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፣ ከ85 በላይ ሲቆይ ይጠቁራል። ውሃው ከ100 ስለማያልፍ ሰሙን ከመንደድ ይጠብቀዋል፤ እሳት ላይ በቀጥታ የተጣደ ሰም ግን ሙቀቱ እስከየት እንደሄደ ሳይታወቅ ይነድዳል። ከነደደ ክዳን ይደፋበትና እሳቱ ይጥፋ። ውሃ በፍጹም አይረጭበት፤ ውሃው በቅጽበት ተኖ የሚነደውን ሰም ይበትነዋል። መጀመሪያ ሰሙ፣ ቀጥሎ ቫዝሊኑ፣ በመጨረሻ ላኖሊኑ ይገባል፤ አንድ ዓይነት እስኪሆን በእንጨት ይማሰል።

አቀባቡ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። አረሮቹ ጠፍጣፋ ትሪ ላይ በመቀመጫቸው ተደርድረው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው የጣት ስፋት ያህል ይተው። ቅባቱ በላያቸው ሳይሆን በመካከላቸው ይፈስሳል፣ የላይኛውን ቦይ ጥቂት እስኪያልፍ። አረሮቹ አስቀድመው ለብ ካላሉ ቅባቱ እንደነካቸው ስለሚረጋ ቦዩ ባዶ ይቀራል፤ ሲቀዘቅዝም ተኮማትሮ ከአረሩ ይላቀቃል። እንዲህ ሲሆን ትሪው እንዳለ ይሞቅና በቀስታ እንደገና ይቀዝቅዝ። ቅባቱ ረግቶ ገና ለብ እንዳለ፣ ውስጡ ከአረሩ በጥቂቱ የሚሰፋ ስስ ቱቦ እየተጫነ አረሩን ከነቅባቱ ያወጣዋል። ፈጽሞ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል፣ ቶሎ ከሆነም ይለጠጣል። ከዚያ የእያንዳንዱ አረር መቀመጫ በጨርቅ ይጠረግ፤ እዚያ የቀረ ቅባት ባሩዱን ያረጥበዋል።

ውህዱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሳይተኮስ ሁለት ነገር ይበቃል። አንዱ፣ የተቀቡ አረሮችን ወረቀት ላይ አቁሞ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቦታ አንድ ቀን ማሳደር ነው። ወረቀቱ ላይ የዘይት ክብ ከታየ ቅባቱ ላልቷል፣ በሙቀት ጊዜም ወደ ባሩዱና ወደ መለኮሻው ካፕሱል ይፈልሳል፤ 10 ግራም ሰም ይጨመር። ሌላው፣ ሌሊቱን በረዶ ቤት አሳድሮ ከጠረጴዛ ከፍታ መጣል ነው። ቅባቱ ከረገፈ ደርቋል፤ 10 ግራም ቫዝሊን ይጨመር። ጢሱ የበዛ ከሆነ ደግሞ ብዙ ቦዮች ያሉት አረር ላይ አንዱን ቦይ ባዶ መተው ይቻላል። መጠን ማብዛት ጥበቃ አይደለም።

ስለ ተቃጠለው የሞተር ዘይት። ያ ዘይት ጥላሸት፣ የብረት ብናኝና አሲድ ተሸክሟል፤ በርሜሉን ከመጠበቅ ይልቅ ይፍቀዋል። ጨው ያለበት ማንኛውም ስብም ያዝጋል። የምግብ ዘይት ቆይቶ ይጎመዝዛል፣ እንደ ሙጫም ይጣበቃል። ግራፋይት የሚባለው ጥቁር ዱቄት ደግሞ ቅባቱ ሲቀልጥ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ አንዱ አረር ብዙ፣ ሌላው ምንም ሳያገኝ ይቀራል። ለእኛ ድካሙን የማያወጣ ነገር ነው።

በጥቁር ባሩድ፣ ማለትም ጢሱ በሚበዛው በጥንቱ ባሩድ ለሚሠሩ ነገሩ የተለየ ነው። ቫዝሊንና ሌላ የነዳጅ ውጤት ከጥቁር ባሩድ ጋር ሲቃጠል እንደ ሬንጅ የጠነከረ ዝቃጭ ይተዋል። እነዚህ ሰዎች ሰምን ጨው ከሌለው የበግ ሞራ ጋር እኩል ያዋህዱ፤ ብርድ ሲሆን ሞራው ከፍ ይበል።

ጽሑፋችሁ ያልነካው ትልቅ ነገር የእርሳስ መርዝነት ነው። ለእርሳስ ያገለገለ ድስት፣ ማንኪያም ሆነ ትሪ ወደ ማድ ቤት አይመለስ። አረር የተቀባበት ትርፍ ቅባት የእርሳስ ብናኝ አለበትና ተለይቶ ይቀመጥ፣ ልጆች እንዳይደርሱበትም። እየሠሩ መብላትና ማጨስ አይቻልም፤ ሲጨርሱ እጅ በሳሙና ይታጠብ። እርሳስ ከ327 ዲግሪ በላይ ቀልጦ ባለበት አጠገብ ቅባት አይቅለጥ። አንዲት የውሃ ጠብታ ከድርቡ ድስት ተፈናጥራ እርሳሱ ውስጥ ከገባች እርሳሱን ወደ ሠሪው ፊት ትረጨዋለች፤ የቅባት ጠብታም ከሆነች ነበልባል ታስነሳለች።

ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ያለበት አገር ሕግ የሚፈቅድለት መሆን አለበት። በዓምዳችሁ የተሰጠው የተቃጠለ ዘይት መመሪያ ግን በየትም አገር አይሠራም፤ በሚቀጥለው እትም በዚያው ገጽ እንዲታረም እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎቻችሁ