በጊዜ የሚያልቅ ታሪክ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ፣ ሥራውስ? እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። የመጨረሻው መልእክትህ «የሚታይ ነገር ካለ ንገረኝ» የሚል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንተም ዝም፣ እኔም ዝም። ደሴ ያው እንደምታውቃት ናት። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲውጥ ሰው በጊዜ ይከተታል፤ መብራት ካልሄደ ቴሌቪዥን ላይ ማፍጠጥ ነው። ስለዚህ አሁን የምነግርህ ሞልቶኛል።

ከሁሉ በፊት «አዶለሰንስ»ን እይ። የእንግሊዞች ሥራ ነው፤ በፈረንጆቹ 2025 ወጣ፣ 4 ክፍል ብቻ። አንድ የ13 ዓመት ልጅ አብራው የምትማር ልጅ ገድለሃል ተብሎ ማለዳ ፖሊስ በር ሰብሮ ይወስደዋል። እያንዳንዱ ክፍል ካሜራው አንዴም ሳይቆረጥ ነው የተቀረጸው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ገዳዩን እንቆቅልሽ አለማድረጋቸው ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ሳያልቅ ቁርጡን ታውቃለህ። የቀረው ሁሉ «ይኼ ልጅ እንዴት እዚህ ደረሰ?» ነው። ሦስተኛው ላይ ልጁና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ፣ በቃ። ልጁ (ኦወን ኩፐር ይባላል፣ የመጀመሪያ ትወናው ነው) ሲለሳለስ ቆይቶ ድንገት ብድግ ብሎ ሲጮህባት እኔም ከመቀመጫዬ ተነሥቻለሁ።

አራት ክፍል! እኛ ጋ ቢሆን አራተኛው ላይ ገና የአጎትየው ልጅ ከአሜሪካ ይመጣል።

«ሰው ለሰው» ትዝ ይልሃል? አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ብቅ ሲል ቤቱ ሁሉ ጭጭ! እንደሱ ያለ ክፉ ሰው እስከዛሬ አልተሠራልንም ባይ ነኝ። ግን ታሪኩ ሲረዝም፣ ሲረዝም እኔ መሐል ላይ ደከመኝ፤ አንተ ነበርክ ሙጭጭ ያልከው። «እረኛዬ» ግን ደስ ብሎኛል። ቤዛ ኃይሉ፣ ቅድስት ይልማና አዜብ ወርቁ የጻፉት ነው። ገጠሩን መሳቂያ ወይም ማልቀሻ አላደረጉትም፤ ሰዎቹ ያስባሉ፣ ይጣላሉ፣ ይሸነግላሉ። ቃና በ2008 ከተከፈተ ጀምሮ ከቱርክ ድራማ ንቅንቅ የማትለው እናቴ እንኳ አብራኝ አየችው። ይኼ በኛ ቤት ከሽልማት ይበልጣል።

የኮሪያውን «ስኩዊድ ጌም» የመጀመሪያውን ዙር፣ የ2021ዱን 9 ክፍል ብቻ እይና ተው። የቀጠሉት ገበያው ስለጠራቸው ነው፤ ታሪኩማ እዚያው አልቆ ነበር።

አንድ ግን የተምታታብኝ አለ፦ «ዘ ፒት»። ፒትስበርግ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ የአንድ ቀን ተረኝነት፤ የመጀመሪያው ዙር 15 ክፍል፣ እያንዳንዱ የአንድ ሰዓት ሥራ። በ2025 የአሜሪካ ቴሌቪዥን ትልቁን ሽልማት፣ የኤሚን የምርጥ ድራማ ሽልማት ወስዷል። አጭር አይደለም፣ ግን አይጎተትም፤ ቀኑ ሲመሽ ማለቁ አይቀርማ! ሐኪሙ ለማልቀስ ሲፈልግ ሌላ በሽተኛ ይገባበታል። አንተ ግን ከሆስፒታል አዳር ወጥተህ ሌላ ሰው ተረኛ ሆኖ ሲሠራ ቁጭ ብለህ ታያለህ ወይ? እንጃ። ካየኸው ግን ነርሶቹ የሚሠሩት እውነት ይሁን የማስመሰል፣ እሱን ጻፍልኝ። እኛ ቤት ክርክር ተነሥቶበታል፤ ዳኛው አንተ ነህ ብያቸዋለሁ።

ለቤተሰቡ ሰላም በልልኝ።

ጓደኛህ፣ ከሆጤ