ከኋላ ለቆመው ጊታር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የአዳማ ሙቀት በርትቶብን የምናመሸው በረንዳ ላይ ነው።

ሐዋሳ ከባንዳችሁ ጋር ስትለማመዱ ከኋላ ሆኖ ምቱን የሚይዘውን ሪትም ጊታር መያዝ እንደሰለቸሽ፣ ሰው የሚያየው ከፊት ዜማውንና ሶሎውን የሚጫወተውን ሊድ ጊታር ብቻ እንደሆነ የነገርሽኝ ከልቤ አልወጣም። ስለዚህ ስለ ሮክ ባንዱ ኤሲ ዲሲ ልጻፍልሽ።

ከባንዱ ሁለት ጊታር ተጫዋች ወንድማማቾች ታናሹ፣ ሊድ ጊታር የሚጫወተው አንገስ ያንግ፣ በተማሪ ቁምጣ መድረኩን ሲያካልል ዓለም ያየዋል። ታላቅየው ማልኮም ግን ሪትም ጊታሩን ይዞ ከድምፅ ማጉያዎቹ አጠገብ ቆሞ ምቱን ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ሲድኒ ላይ ባንዱን የመሠረቱት ሁለቱ ቢሆኑም የሚመራው ማልኮም ነበር። የማስታወስ ችሎታን የሚነጥቅ ሕመም ጀምሮት እንኳ፣ በ2008 በተጀመረው የዓለም ጉዞ ላይ ራሱ የሠራቸውን ዘፈኖች እንደ አዲስ እያጠና ይጫወት ነበር። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

በ2014 ተሰናበተ፤ በ2017 በ64 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያ መካከል ሌሎቹም ተበተኑ። ድምፃዊው ብራያን ጆንሰን ጨርሶ እንዳይደነቁር በ2016 ሐኪሞች ከመድረክ አስወረዱት፤ ከበሮ መቺው ፊል ራድ በፍርድ ቤት ጉዳይ ተለየ፤ ቤዝ ተጫዋቹ ክሊፍ ዊሊያምስም በቃኝ አለ። እኔም አበቃላቸው ብዬ ነበር።

ሦስቱም ተመልሰው በኅዳር 2020 «ፓወር አፕ» የተባለው አልበማቸው ሲወጣ ግን ምን ላይ እንደቆመ ተመልከቺ። 12ቱም ዘፈኖች የአንገስና የማልኮም ድርሰት ናቸው። ወንድማማቾቹ ለዓመታት ሠርተው ካስቀመጧቸው የጊታር ሐሳቦች አንገስ እየመረጠ ገነባቸው፤ የማልኮምን ቦታ የያዘውም የወንድማቸው ልጅ ስቲቪ ነው። በሕይወት የሌለ ሪትም ተጫዋች ነው አልበሙን የተሸከመው! አዲስ ነገር የለበትም የሚሉ አሉ። እኔ ያንኑ ምት ሳይላላ ማግኘቴ ነው ደስ ያሰኘኝ።

ሊድ ጊታርን ነፍስሽ ከወደደችው ተማሪው፤ ጣቶችሽ ይችላሉ። ሰው ስላላየሽ ብቻ ግን ሪትሙን አትተዪ። አልበሙን በጆሮ ማዳመጫ ስሚው፤ አንገስ ሶሎ ሲጫወት እሱን ተዪውና ከሥር ያለውን ጊታር ተከተዪ። እሑድ ስትደውዪ የሰማሽውን ትነግሪኛለሽ። ለጊታር ክር የሚሆንሽን ገንዘብ በባንክ አስገብቼልሻለሁ።

አባትሽ