በወገብ ላይ የሚታሰር የአገር ስም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አገራችን እስከ ዛሬ ባልታወቀችባቸው የስፖርት ዓይነቶችም ብሔራዊ ቡድን እያቋቋመች ወደ ዓለም አቀፍ መድረክ ብትወጣ መልካም እንደሆነ የሚገልጹ አስተያየቶችን በስፖርት ዓምዳችሁ ላይ በጥሞና ሳነብ ቆይቻለሁ። በሐሳቡ ላይ ጠብ የለኝም። ይሁን እንጂ እኔ በቅርብ በማውቀው በአንዱ፣ ኬንዶ በሚባለው የጃፓኖች የጎራዴ ጥበብ፣ ቡድን ማቋቋም ማለት አምስት ሰው ሰብስቦ አውሮፕላን ላይ ማሳፈር ተደርጎ እንዳይወሰድ ስለሰጋሁ፣ በራሴ ላይ የደረሰውን ለአንባቢ ለመንገር ወድጃለሁ።

ኬንዶን የተማርሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ጃፓን በነበርሁበት ጊዜ ነው። ወደ ጎንደር ከተመለስሁ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማታ ከሥራ በኋላ፣ ዐሥራ አንድ ወጣቶችን አሠለጥናለሁ፤ ከእነርሱም አራቱ ሴቶች ናቸው። ስፖርቱን ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት ያህል፣ ተጋጣሚዎቹ የሚይዙት ስለት ያለው ጎራዴ ሳይሆን አራት የቀርከሃ ፍላጮች በቆዳ ታስረው የሚሠሩትን ሺናይ የሚባል ዱላ ነው። ፊታቸውን በብረት ፍርግርግ፣ ደረታቸውን፣ እጃቸውንና ወገባቸውን በጥሩር ይሸፍናሉ። ነጥብ የሚገኘውም ራስን፣ የእጅ አንጓን ወይም ጎንን በመምታት፣ አለዚያም ጉሮሮን በመውጋት ብቻ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አስተባባሪ ስልክ ደወለልኝ። የትኬቱንና የሆቴሉን ወጪ ራሳቸው የሚችሉ አምስት ሰዎች ካገኘሁ፣ «ብሔራዊ ቡድን» ተብለን ውጭ አገር በሚደረግ ውድድር ላይ መሰለፍ እንደምንችል ነገረኝ። ማጣሪያ መቼ ይደረጋል ብዬ ብጠይቀው፣ «ሌላ ማን አለና ነው ማጣሪያ የሚያስፈልገው?» ሲል መለሰልኝ። ከተማሪዎቼ መካከል ያንን ወጪ የሚችሉት ሁለት ብቻ እንደሆኑ ባስረዳውም አልተቸገረም፤ የጎደለውን ከካራቴና ከቴኳንዶ ክለቦች እንሞላዋለን አለኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ የዚያን ዕለት ማታ ደስታ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። በማግሥቱ ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ሄጄ ዜከን የሚባለውን ጨርቅ አዘዝሁ። ዜከን ወገብን በሚሸፍነው ጥሩር ፊት ለፊት ላይ እንደ ኪስ የሚጠለቅ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ሲሆን፣ የተወዳዳሪው ስምና የአገሩ ስም በነጭ ጎልቶ ይጻፍበታል። አዛውንቱ ጨርቁን በመዳፋቸው እያሻሹ፣ «ልጄ፣ ይኼ የምን ማዕረግ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለኢትዮጵያ ልወዳደር ነው አልኋቸው። «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ብለው መርፌያቸውን አስቀመጡና፣ «ስንት ሆናችሁ ተፈትናችሁ ነው? ስንተኛ ወጣህ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። የአገሩን ስም እንዲሰፉልኝ፣ የሰው ስም የሚጻፍበትን ቦታ ግን ለጊዜው ባዶ እንዲተዉት ነግሬያቸው ወጣሁ፤ በዚያው ሳምንት ለአስተባባሪው ደውዬ እንደማልሄድ አሳወቅሁት።

የእምቢታዬ የመጀመሪያ ምክንያት አንዲት ልጅ ናት። ከዐሥራ አንዱ ተማሪዎቼ በእግር አጣጣልም ሆነ ክፍተት ጠብቆ በመምታት የሚስተካከላት የለም። እናቷ አዘዞ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ያሳደጓት ይህች ልጅ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከታመመችበት አንድ ሳምንት በስተቀር ከልምምድ ቀርታ አታውቅም። ወንዶችና ሴቶች በተለያየ ቡድን የሚወዳደሩ ቢሆንም፣ መመዘኛው ትኬት መግዛት መቻል እስከሆነ ድረስ እርሷ በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አትገባም። የኢትዮጵያ ስም ግን ከማንም በፊት የሚገባው ለእርሷ ወገብ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከውድድሩ አካሄድ የሚመጣ ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ይኖርብኛል። የቡድን ግጥሚያ አምስት ለአምስት ሲሆን፣ ተራው አስቀድሞ ይመዘገባል። የመጀመሪያው ተጋጣሚ ሴንፖ ይባላል፤ በእኛ የጥንት የጦር ማዕረግ ብንተረጉመው ፊታውራሪ ማለት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ጂሆ፣ መካከለኛው ቹኬን፣ አራተኛው ፉኩሾ፣ የመጨረሻው ደግሞ ታይሾ ወይም የጦሩ አዛዥ ነው። እያንዳንዱ ጥንድ ለ5 ደቂቃ ይጋጠማል፤ ቀድሞ ሁለት ነጥብ ያስቆጠረ ያሸንፋል፤ በቡድን ግጥሚያ እኩል መለያየትም ይፈቀዳል። ቡድኖቹ ባሸነፉት ሰው ብዛት፣ በዚያ እኩል ቢሆኑ በነጥብ ድምር ይለያሉ፤ ያም ካልለያቸው አንድ አንድ ተወካይ አውጥተው ያጋጥማሉ። ስለዚህ አራተኛው ሰው ወደ ሜዳ ሲገባ ከእርሱ በፊት የሆነውን ሁሉ ቆጥሮ ነው የሚገባው። ቡድኑ እየመራ ከሆነ ሳይሸነፍ አምስቱን ደቂቃ መጨረሱ ብቻ ለቡድኑ ትልቅ ውለታ ነው፤ ቡድኑ እየተመራ ከሆነ ግን በአንድ ነጥብ ማሸነፍ እንኳ ላይበቃ ይችላል። አጥቅቶ የሚከፍተው ማን እንደሆነ፣ ግፊት ችሎ እኩል የሚወጣው ማን እንደሆነ፣ በመጨረሻው ሰዓት የማይደነግጠው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ለዓመታት እርስ በርስ በመመታታት ነው። በአየር ማረፊያ የተዋወቁ አምስት ሰዎች ይህን ሊያውቁ አይችሉም።

ከዚህም የሚከብደው ዳኝነቱ ነው። ሦስት ዳኞች ቀይና ነጭ ባንዲራ ይዘው ይቆማሉ፤ ቢያንስ ሁለቱ ካላነሡ ነጥብ የለም። ዱላው ማረፉ ብቻ አይበቃም፤ የመቺው ጩኸት፣ ምቱና የእግሩ ርግጫ በአንድ ቅጽበት መግጠም፣ ከምቱም በኋላ መቺው ንቁ ሆኖ መቆየት አለበት። ይህን የመጨረሻውን ጃፓኖች ዛንሺን ይሉታል። መትቶ በደስታ እጁን ያነሣ ሰው የተሰጠው ነጥብ ሊሰረዝበት ይችላል።

በዚህ ረገድ አንድ ገጠመኝ አለኝ። ባለፈው ዓመት ከወንዶቹ አንዱ ጓደኛውን ራሱ ላይ እጅግ ባማረ አመታት መታውና፣ ወዲያው ሺናዩን ወደ ላይ አንሥቶ አቅራራ። አቁሜ ነጥቡን ሰረዝሁበት። «ጋሼ፣ መትቼዋለሁ እኮ! ሁሉም አይቷል!» ብሎ ጭንብሉን ሳያወልቅ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አልፈረድሁበትም፤ ሽለላና ፉከራ እየሰማ፣ በጥምቀት ዱላውን ይዞ እየጨፈረ ያደገ የጎንደር ልጅ ነው፤ ፉከራም በቦታው ክብር ያለው የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። አጠገቡ ተቀምጬ ያጫወትሁት እኔን ያስተማሩኝ አዛውንት የነገሩኝን ነው። መምህሬ ከኢትዮጵያ መምጣቴን የሰሙ ዕለት ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያ ቃል «አበበ!» የሚል ነበር። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲፈጽም በቴሌቪዥን ተመልክተው ነበርና። ከሁሉም በላይ በልባቸው የቀረው ግን አበበ ካሸነፈ በኋላ ያደረገው ነው፤ አልወደቀም፣ አልጮኸም፣ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። መምህሬ ዛንሺን ምን እንደሆነ ሲያስረዱኝ ይህን ነበር ምሳሌ ያደረጉልኝ። ልጁ ጭንብሉን አውልቆ ጥቂት ዝም አለና፣ ተነሥቶ ጓደኛውን እጅ ነሥቶ ግጥሚያውን ቀጠለ።

እንግዲህ ጃፓኖች ዘንድ የኢትዮጵያ ስም አስቀድሞ ደርሷል፤ ለዚህም ነው ያንን ስም ታጥቆ የሚገባ ቡድን ሕጉን እንኳ ሳያውቅ እንዳይገባ የምሟገተው። አምስቱም ልጆች አንድ ነጥብ ሳያገኙ ተሸንፈው ቢመለሱ አላፍርባቸውም። የሚያሳፍረኝ ለምን እንደተሸነፉ የሚነግራቸው ሰው ሳይኖር መመለሳቸው ነው።

አስረጂ የሚሆን ሰው ደግሞ በአንድ ክረምት ሥልጠና አይገኝም። በኬንዶ ዳን በሚባለው የማዕረግ ደረጃ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ለመፈተን 1 ዓመት፣ ወደ ሦስተኛ 2፣ ወደ አራተኛ 3፣ ወደ አምስተኛ 4፣ ወደ ስድስተኛ 5 ዓመት መጠበቅ ግዴታ ነው። አንድም ጊዜ ሳይወድቅ የሚያልፍ ሰው እንኳ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ዳን ቢያንስ 15 ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው። የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ ሲካሄድ የወንዶችን የቡድን ዋንጫ ከአንድ ጊዜ በስተቀር የወሰደችው ጃፓን ናት። ያ አንድ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2006 ታይፔ ላይ የሆነው ሲሆን፣ በግማሽ ፍጻሜው ጃፓንን ያሸነፈው የአሜሪካ ቡድን ነበር፤ በፍጻሜው ግን በደቡብ ኮሪያ ተረትቷል። ይህ ድንገት የመጣ ዕድል አልነበረም። ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ጃፓናውያን ኬንዶን ይዘው ከገቡ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር፤ ኮሪያውያንም ከልጅነት ጀምረው የሚያሠለጥኑ ናቸው።

የእኛን ሁኔታ ደግሞ እንዳለ ላስቀምጠው። ኬንዶ በባዶ እግር፣ በእንጨት ወለል ላይ፣ ቀኝ እግርን በኃይል እየረገጡ የሚሠሩት ስፖርት ሲሆን እኛ የተከራየነው አዳራሽ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ልጆች ተረከዛቸው ተጎድቶ ለወራት አርፈዋል። ከዚያ በኋላ ገንዘብ አዋጥተን ጣውላ ገዛን፤ ከጣውላው የሠራነው መድረክ 4 በ6 ሜትር ነው፤ የውድድር ሜዳ ግን በእያንዳንዱ ጎኑ ከ9 እስከ 11 ሜትር ይሆናል። ሺናይ ሲሰበርብን ከአዊ ባመጣነው ቀርከሃ ለመሥራት ሞክረን ነበር። ለአዋቂ ወንድ የተወሰነውን የ510 ግራም ዝቅተኛ ክብደት ማሟላት አላቃተንም፤ ነገር ግን በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ፍላጭ ተሰንጥቆ ስንጣሪው በጭንብሉ ፍርግርግ ገባና ከልጁ ዓይን አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ልጅ ከልምምድ በፊት የሺናዩን አራቱንም ፍላጮች በጣቱ ሳይዳስስ አይጀምርም። የአዊን ቀርከሃ ግን ተስፋ አልቆረጥሁበትም፤ አደራረቁን የሚያውቅ ባለሙያ ካገዘን ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በመነሣት ለሚመለከታቸው የስፖርት ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ ከባድ አይደለም። በየትኛውም አዲስ ስፖርት «ብሔራዊ ቡድን» የሚለው ስም ከመሰጠቱ በፊት ቀኑና ቦታው በጋዜጣ የተነገረ፣ ከጎንደርም ከአዲስ አበባም ከሌላውም ከተማ የመጣ ሰው እኩል የሚፈተንበት ግልጽ ማጣሪያ ይደረግ፤ ያለፈውም ሰው በኪሱ ምክንያት እንዳይቀር ወጪው ከወዲሁ ይታሰብበት። ገንዘብ ከተገኘ በመጀመሪያ የሚላከው ተወዳዳሪ ሳይሆን ዳኝነትና አሠልጣኝነት ተምረው የሚመለሱ ሁለት ሰዎች ቢሆኑ እመርጣለሁ። ለከተማችን ኃላፊዎች ደግሞ የእንጨት ወለል ያለው አዳራሽ ካለ በሳምንት ሁለት ማታ እንዲፈቅዱልን በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ኪራይ እንከፍላለን።

ዜከኑን ያዘዝሁ ዕለት ባዶ ያስተውሁት የስም ቦታ እስከ ዛሬ አልተሞላም። ጨርቁን አጥፌ ከጥሩሬ ጋር በሣጥን አስቀምጬዋለሁ። አዛውንቱ ልብስ ሰፊ በፒያሳ ባለፍሁ ቁጥር ማጣሪያው ተደረገ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል፤ የተረፈውንም ነጭ ክር ለሌላ ሥራ ሳያውሉ በመሳቢያቸው አስቀምጠውልኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ
ከጎንደር