ስለ ገጣባው አህያ፣ ከደሴ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣

ባለፈው ሰሞን ስለ እንስሳት መብት ያወጣችሁትን፣ እንስሳን ጨርሶ አንጠቀምበት የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን ጸሐፊው ደሴ መጥቶ አንድ ቀን ሰኞ ገበያ ቢውል ኖሮ እንዲያ አይጽፍም ነበር።

ከቤቴ በታች ያለው ዳገት ላይ አንድ አህያ ቆሞ አገኘሁ። የጫነው ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ነው፣ አንድ ኩንታል ማለት ነው። የአገራችን አህያ ራሱ ቢመዘን ከአንድ ኩንታል ብዙ አያልፍም፣ ስለዚህ እሱን የሚያህል ነገር ተሸክሞ ነው ዳገት የሚወጣው። መጫኛው የበላው ጀርባው ላይ መዳፍ የሚያህል ገጣባ አለ። ዝንቡ እሽ ቢሉት ተመልሶ እዚያው። ከኋላ ቢበዛ አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ በዱላ ይነካዋል። ተቆጣሁ። "አንተ ልጅ፣ ፈጣሪን አትፈራም እንዴ?" አልኩት።

"ወላሂ ጋሼ፣ ቁስሉን አጥቼው አይደለም" አለኝ። "ዛሬ ካላደረስኩ ነገ ሌላ ነው የሚጠሩት።"

ተጋግዘን አንዱን ከረጢት አወረድንና እኔ ደጅ አስቀመጥነው፣ ሁለቴ ተመላለሰ። በማግስቱ ሳገኘው ለካ አመሸህ ተብሎ ሃያ ብር ተቀንሶበታል። እኔ ጻድቅ ሆኜ የተኛሁት በልጁ ብር ነው! ከፈልኩት እርግጥ፣ ግን በየቀኑ ዳገቱ ላይ ቆሜ አልከፍልም።

የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ችግር እዚህ ላይ ይመስለኛል። በውጭው ዓለም ክርክሩ ሁለት ነው። አንዱ ወገን እንስሳን ጨርሶ አንጠቀምበት ይላል፣ ሌላው እየተጠቀምንም ቢሆን ስቃዩን እንቀንስ ይላል። እኛ ጋ የመጀመሪያውን ይዞ የሚመጣ ሰው ሰሚ አያገኝም። ሥጋ አትብሉ ማለትም እንደዚያው ነው፤ የሚጾመው ጎረቤቴ የዓመቱን ግማሽ ያህል ሥጋም ወተትም አይነካም፣ ግን ለፈጣሪው ብሎ እንጂ ለበሬው ብሎ አይደለም። ታዲያ እሱን ለመምከር የሚመጣ ሰው ይህን እንኳ ሳያውቅ ቢጀምር ማን ይሰማዋል?

የሠራ ነገር ግን አለ። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ ብዙም ሳይቆይ የተዘጋው የአካባቢው ሰው ስለተቃወመ ነው። ሰዉ የእንስሳት መብት ብሎ አልነበረም የተነሣው። አህያ ማረድ ነውር ነው፣ ደግሞም አህያው ካለቀ ውኃና እህሉን ማን ይሸከማል ብሎ ነው። ቆዳው ወደ ቻይና እየሄደ ለባህል መድኃኒት ይቀቀላል። የአፍሪካ መሪዎችም አዲስ አበባ ተሰብስበው ለቆዳ ሲባል አህያ ማረድ እንዲቆም የወሰኑት በየካቲት 2016 ነው። እንግዲህ የአህያው ጥቅምና የባለቤቱ ጥቅም አንድ ሲሆን ነገሩ ይሄዳል።

ሕግማ አለን። የወንጀል ሕጉ እንስሳን ማሰቃየትን በደንብ መተላለፍ ይቀጣል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በዚህ የተከሰሰ ሰው አላየሁም። ቢከሰስስ የሚከሰሰው ማን ነው? ያ ልጅ ነው፣ ሲሚንቶውን ያስጫነው አይደለም።

ወሎ ላይ ደግሞ ማንም ያልተጠቀመበት ነገር አለ። ሼሁ ለተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ ስላጠጣው ሰው ይነግሩናል፣ ቄሱም ጻድቅ ለእንስሳው ይራራል ይላሉ። ሁለቱም በአንድ ሰፈር ሰሚ አላቸው። ከውጭ በእርዳታ ከሚታተም ፖስተር ይልቅ አንድ ዓርብና አንድ እሑድ ይበልጣል ባይ ነኝ። ውሻ በመርዝ መፍጀቱንም ቢያነሡልን ደስ ይለኛል። የእብድ ውሻን በሽታ የሚያቆመው ክትባት ነው፣ ከአሥሩ ውሻ ሰባቱ ከተከተበ በሽታው አይዛመትም ይላሉ ባለሙያዎቹ።

ልጁን ሰሞኑን አየሁት። አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሁለት ማዳበሪያ በጭድ ሞልተህ ከጭነቱ ሥር ግራና ቀኝ አድርግ፣ አከርካሪው ላይ ምንም እንዳያርፍ፣ ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውኃ እጠብ፣ በጋለ ብረት እንዳትተኩሰው ብሎት ኖሯል። ወጪው ጭድ ብቻ ነው። "ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር እኮ ጋሼ" አለኝ። ገጣባው ጠርዙ ላይ መድረቅ ጀምሯል። መሐሉ ግን ገና ቀይ ነው፣ ሲሚንቶውም እንደ ድሮው ሁለት ከረጢት ነው።

አክባሪያችሁ
አንድ የደሴ አንባቢ