ደብዳቤ ለልጄ፦ ሰማይ ጠቀሱ ያምራል ወይስ አያምርም?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናትሽ "ድምፅዋ ጠፋ" እያለች ነው፤ እባክሽ ደውይላት።

አሁን ወደ ጭቅጭቃችን ልግባ። "የዛሬ ሰማይ ጠቀስ ሁሉ አንድ ዓይነት የመስታወት ሳጥን ነው፤ ሕንፃ ማለት የድሮው ነው" ብለሽ ጽፈሽልኛል። ግማሹን እቀበላለሁ። ሳጥን መሆኑ ግን ጥፋት አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ አልሙኒየምና መስታወት ስገጥም ኖሬ ለመስታወት ባዳላ አይግረምሽ።

እስቲ የሳጥኖቹን አባት እንየው። ኒውዮርክ ያለው ሲግራም ሕንፃ በ1958 ተጠናቀቀ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራልሽ)። የነደፈው አርክቴክቱ ሉድቪግ ሚስ ቫን ደር ሮኸ ነው፤ ፊሊፕ ጆንሰንም አብሮት ሠርቷል። 38 ፎቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ከሩቅ ሲያዩት ጌጥ የሚባል ያልነካው። ጠጋ ስትዪ ግን በመስኮቶቹ መካከል ሽቅብ የሚወጡ የነሐስ ፕሮፋይሎች (ረጃጅም ቋሚ ዘንጎች) ታያለሽ። ምንም አይሸከሙም! የሚሸከመው ብረት እሳት እንዳይደርስበት ተብሎ በኮንክሪት ተሸፍኗል። ስለዚህ ሰውየው የብረቱን መልክ በነሐስ አድርጎ ውጪ ላይ አወጣው። "ጌጥ የለውም" የሚባለው ሕንፃ እንግዲህ ጌጡን በአደባባይ ለብሶ ነው የቆመው። የመስኮት መጋረጃዎቹ እንኳ የሚቆሙት ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ወይ ሙሉ ክፍት፣ ወይ ግማሽ፣ ወይ ሙሉ ዝግ። ከውጪ እንዳይዝረከረክ ነው። እዚህ ላይ ግን አበዛው። ፀሐይ ዓይኑ ላይ ያረፈችበት ሠራተኛ ለሕንፃው መልክ ሲባል ምን በወጣው?

የሲግራም ትልቁ ነገር ፊት ለፊቱ ያለው ክፍት ቦታ ነው። መሬት እንደዚያ በተወደደበት ከተማ ሕንፃው ከመንገዱ ወደ ኋላ አፈገፈገና ለእግረኛው አደባባይ ለቀቀለት። ሰዉ ወደደው። ከተማዋም በ1961 የግንባታ ደንቧን ስትቀይር አደባባይ ለሚተው ባለሕንፃ ተጨማሪ ወለል ፈቀደች። ከዚያማ ማን ይቅር! ብዙዎቹ ግን መቀመጫ የሌላቸው፣ ሰው አቋርጧቸው ብቻ የሚያልፍ ደረቅ ንጣፎች ሆኑ። ሳጥኑ ተቀዳ፣ ነሐሱ ቀረ። ክፍት ቦታው ተቀዳ፣ ሰው የሚያርፍበት ነገር ቀረ። አንቺን ያንገሸገሸሽ ይሄ ቅጂ ነው።

ድሮውን መልሶ መገንባትም እንዲህ ቀላል አይደለም። ያው ፊሊፕ ጆንሰን በ1984 እዚያው ኒውዮርክ ለኤቲኤንድቲ የስልክ ኩባንያ ሌላ ሕንፃ ሠራ። መስታወቱን ትቶ ድንጋይ አለበሰው፤ አናቱን ደግሞ የጥንት ቁም ሳጥን አስመሰለው። ስንቱ ሳቀበት! በ2017 ግን የታችኛው ድንጋይ ተነስቶ መስታወት ይግባበት ሲባል የሕንፃ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ተቃውሞ ወጡ፤ በ2018 በቅርስነት ተመዘገበ። እኔ አሁንም አልወደድኩትም።

ሙያዬ ስለሆነ ይሆናል፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያከራክረኝ ቦስተን ያለው የጆን ሃንኮክ ግንብ ነው። የነደፈው የታዋቂው አርክቴክት የአይ ኤም ፔይ ባልደረባ ሄንሪ ኮብ ነው፤ 60 ፎቅ አለው። ከጎኑ የቆየ የድንጋይ ቤተክርስቲያን አለ፤ ግንቡ በመስታወቱ ውስጥ ያንን ቤተክርስቲያን መልሶ ያሳየዋል። ከአንዱ ማዕዘን ሲያዩት ደግሞ ቀጭን ስለት ብቻ ይመስላል። መልኩን ከጠየቅሽኝ እንከን አላወጣለትም።

ታዲያ ይህ ሕንፃ ገና ሳያልቅ በ1973 መስታወቶቹ ይረግፉ ጀመር። አንዱ መስታወት ከ200 ኪሎ በላይ ነው። ነፋስ ሲበረታ ከታች ያለውን መንገድ መዝጋት ግድ ሆነ። በወደቁት ምትክ ኮምፔንሳቶ ተለጠፈ፤ ያ ሁሉ መስታወት ጣውላ በጣውላ ሆኖ የከተማው መሳቂያ ሆነ። በመጨረሻ ከ10,000 በላይ መስታወቶች አንድም ሳይቀር ተቀየሩ። ሕንፃው የተመረቀው በ1976 ነው።

ጥፋቱ የት እንደነበር ታውቂያለሽ? መስታወቱ ድርብ ነበር። ሁለቱን የሚያያይዘው የእርሳስ ጠርዝ ከመስታወቱ ጋር ድርቅ ብሎ ተጣብቋል። መስታወት በሙቀት ይለጠጣል፣ በብርድ ይኮማተራል፣ ነፋስ ሲመጣም ይርገበገባል። መጋጠሚያው አልላላ ሲለው መስታወቱ ራሱ ተሰነጠቀ። እኛ ጠርዝ ላይ ጎሚኒ የምንከተውና ሲልከን የምንሞላው ለጌጥ አይደለም፤ መስታወቱ የሚንቀሳቀስበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። ወጣቶቹን ሳሠለጥን "አታጥብቁት፣ ይተንፍስ" የምለው ለዚህ ነው።

በ2011 የአሜሪካ የአርክቴክቶች ማኅበር ለዚህ ሕንፃ፣ ዘመን ለተሻገሩ ሥራዎች የሚሰጠውን ሽልማት ሰጠው። ሽልማቱን አልቃወምም። ሰዎች ግን "ዲዛይኑ ግሩም ነበር፣ ችግሩ የመስታወቱ ነው" ሲሉ ደሜ ይፈላል። መጋጠሚያውስ ዲዛይን አይደለም እንዴ? መልክ የሠራው ሲመሰገን ጠርዙን የሚያስብ ሰው ሁሌም የሚጠራው ነገር ሲበላሽ ነው።

ለንደን ፌንቸርች ጎዳና ላይ ያለው ሰማይ ጠቀስም ያው ነው። ፊቱ ወደ ውስጥ የጎበጠ መስታወት ነው። በ2013 የበጋ ፀሐይ እዚያ ላይ አርፋ፣ ተሰብስባ፣ መንገድ ላይ የቆመ መኪና አንዳንድ ክፍሎች አቀለጠች። የመኪናው ዕቃዎች ተጣመሙ። በኋላ ፀሐይ መከላከያ ተገጠመለት። የሚያናድደው የዚያው አርክቴክት፣ የራፋኤል ቪኞሊ፣ ሌላ ሕንፃ ላስ ቬጋስ ውስጥ በ2010 የመዋኛ ቦታው ላይ ሰዎችን በነጸብራቅ ለብልቦ ነበር። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትዞር ደግሞ አዲስ ወሬ አይደለም።

ስለ ቁመት ብዙ አልልም። ዱባይ ያለው ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ነው፤ ከዚያ ውስጥ ከ200 ሜትር በላይ የሚሆነው አናቱ ሰው የማይኖርበት ነው። ነፋሱን ለማደናገር እየጠበበ፣ እየዞረ መውጣቱ ግን ትልቅ ብልሃት ነው፤ እሱን አልነፍገውም።

"ታዲያ የወደድከው አለ?" ማለትሽ አይቀርም። አለ። ፍራንክፈርት ያለው የኮሜርዝባንክ ግንብ። ኖርማን ፎስተር ነው የነደፈው፣ በ1997 አለቀ። ቅርጹ ሦስት ማዕዘን ነው፤ መሃሉ ክፍት ሆኖ አየርና ብርሃን ያስገባል። በየተወሰነ ፎቁ ዛፍ ያለባቸው የአትክልት ቦታዎች አሉት። መስኮቱ ይከፈታል! ሰማይ ጠቀስ ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ለነፋሱ ሲባል የውጪ ሌላ መስታወት ተደርጎለታል። ከፎቶ ላይ ግን ብዙም አያስደንቅም፤ ለጓደኛሽ ብታሳዪው "ይሄ ደግሞ ምን አለው?" ይልሻል። እንዲህ ሲልሽ እዚያ ውስጥ ስምንት ሰዓት ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚል ጠይቂው።

ሌላም ጥያቄ ጨምሪለት፦ መስታወቱን የሚያጸዳው ሰው በምን ይደርሳል? የሚሰበር ቢኖርስ በምን ወርዶ ይቀየራል? ንድፉ ላይ ከሌለ፣ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ መላ የሚፈልገው እንደኔ ያለው ነው።

የላክሽው ገንዘብ ደርሶኛል፣ ተባረኪ። መልስ ስትጽፊ በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ ስንከራከር እናትሽ ቀፎውን ትነጥቀኛለች።

አባትሽ