የመሃሉን ቅጠል አንቺ ብዪው

ለውድ እናቴ

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የሰላጣ አያያዝ ነገር በስልክ ልነግርሽ ብሞክር መስመሩ እየተቆራረጠ አስቸገረን፤ አንቺም «እሺ፣ እሺ» ብለሽ ወሬውን ቶሎ ወደ እኔ ጤና ትመልሺዋለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ደሴ የመጣሁ ጊዜ ፍሪጁን ከፍቼ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም። ሰላጣው ከገበያ በመጣበት ጥቁር ፌስታል እንደተቋጠረ ተቀምጧል። ፈትቼ ብነካው ውጪው ያሟልጫል፣ ሸቷልም። አንቺ ግን «እህል ነው፣ አይጣልም» ብለሽ ቅጠል በቅጠል ገለጥሽው። ለስላሳውን የመሃል ቅጠል ለእኔ ሳህን አደረግሽ፤ ቢጫውንና ጠንካራውን ለራስሽ። እማዬ፣ በዚያ ጥርስሽ! አትክልት አዘውትሪ ብሎ ሐኪሙ የመከረው አንቺን እንጂ እኔን አይደለም እኮ። ያን ቀን ምንም አላልኩሽም፤ ጉርሻው ግን አልወርድ ብሎኝ ነበር።

እዚህ ቤሩት ቅጠል የሌለበት ማዕድ የለም። ኸስ የሚሉት ሰላጣ፣ ባቅዱኒስ የሚሉት ፐርስሊ፣ ናና፣ ጀርጂር የሚባለው ቅጠል በየቀኑ በእጄ ያልፋል። ማዳም ታቡሌ የሚባለውን የባቅዱኒስ ሰላጣ ስታስተምረኝ መጀመሪያ የተቆጣችው ባቅዱኒሱን እርጥቡን ስለከተፍኩት ነው። እርጥቡ ሲከተፍ ይላሽቃል፣ ሳህኑ ሥር አረንጓዴ ውሃ ያቁራል። ከዚያ ወዲህ አጥቤ፣ አራግፌ፣ ፎጣ ላይ ዘርግቼ፣ በጣቴ ሳሸው ኮሽ ኮሽ እስኪል እጠብቃለሁ። ቅጠልን የሚያበላሸው ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሰላጣ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውስጡ ያለው ውሃ ከወጣ ይጠወልጋል፣ ላዩ ላይ ውሃ ከቀረ ደግሞ ይበሰብሳል። የተቋጠረው ፌስታል ያልበዋል፣ ላቡም መልሶ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል።

እና ከገበያ ስትመለሺ የተበላሸውን ቅጠል ለይተሽ ጣዪ፤ አንዱ ሌላውን ይጨርሰዋል። የምትበዪበት ቀን እስኪደርስ አትጠቢው። በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልዪው፤ ያረጀ ነጠላም ይሆናል። ከዚያ ፌስታል ውስጥ ክተቺው፣ አፉን ግን ጥብቅ አድርገሽ አትቋጥሪው። ጨርቁ ሲረጥብ በሌላ ለውጪው። እንዲህ ተደርጎ ሳምንት ያህል ይቆይልሻል፤ በዚያ ጉልበትሽም በየሁለት ቀኑ ገበያ አትመላለሺም። ፍሪጁ ውስጥ ከኋላ ግድግዳው ጋር አታስጠጊው፣ በረዶ ይመታውና እንደ መስታወት ያሳያል፣ ሲቀልጥም ይሟሟል። ሙዝና ቲማቲሙን ደግሞ አርቂለት። ፍሬ ሲበስል የሚያወጣው ትንፋሽ አለ፤ ቅጠሉን ያለ ጊዜው ያስረጀዋል።

መብራት ሲጠፋስ ትዪኝ ይሆናል። እዚህም መብራት ብርቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ አገሩ በሙሉ ጨለማ ሆኖ ነበር። ያኔ ናናውንና ባቅዱኒሱን እንደ አበባ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ላይ አቆምኳቸው፣ ሰላጣውን እርጥብ ጨርቅ አልብሼ ምድጃና ፀሐይ ከማይደርስበት ጥግ አስቀመጥኩት። እያደረግኩት አንቺን አሰብኩ። ልጅ ሳለሁ ቅቤውን እንስራው ሥር ታስቀምጪው አልነበር? እንስራው እያላበ ነው የሚቀዘቅዘው። ሞሐመድ ባህ አባ የሚባል ናይጄሪያዊ መምህር ይህንኑ አስቦ ትንሹን ሸክላ በትልቁ ውስጥ አስቀምጦ፣ መሃሉን በእርጥብ አሸዋ ሞልቶ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ የገበሬውን አትክልት ከብልሽት አዳነ። በበጋ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን ይሠራልሽ ነበር፤ በክረምት ግን አየሩ ራሱ ርጥብ ስለሆነ አያቀዘቅዝም። አሸዋውን አንቺ ትሸከሚያለሽ ብዬ ፈርቼ እንጂ ወንድሜን ዛሬውኑ ሥራላት እለው ነበር።

አጠባው ላይ አደራሽን። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚህ ኮሌራ ገብቶ ቅጠል ሁሉ አስፈርቶን ነበር። ሎሚና አቼቶ ብቻ ያጸዳል ብለሽ አትመኚ። ቅጠሉን አንድ በአንድ ገንጥለሽ፣ ሥሩ ጋ ያለውን አፈር በጣትሽ አሽተሽ በወራጅ ውሃ እጠቢው፤ የቧንቧው ውሃ ከደፈረሰ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አለቅልቂው። ጨውና ሎሚውን ልትበዪ ስትይ ብቻ ጨምሪ፤ ጨው ቀድሞ ከገባ ውሃውን ይመጠዋል። ጠውልጎ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ዘፍዝፊው፣ ይነሣልሻል። ያሟለጨውን ግን ጣዪው እማዬ። ስለ እኔ ብለሽ ጣዪው።

የመሃሉን ለስላሳውን ደግሞ ለእንግዳ አታስቀምጪ። በጾሙ ከሽሮሽ ጋር አንቺው ብዪው።

ወደ አገር ቤት በምትመጣ ጓደኛዬ እጅ ሁለት የጥጥ ፎጣ ልኬልሻለሁ፤ አንዱ ማድረቂያ፣ አንዱ መጠቅለያ ነው። ለበዓል ብለሽ ሳጥን ውስጥ እንዳትቆልፊባቸው። ሰኞ ከገበያ ስትመለሺ ጠቅልዪበት፤ ሐሙስ ማታ ደውዬ ሰላጣው እንዴት እንደሆነ እጠይቅሻለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ
ከቤሩት