ጠበቃው ለማን ሲከራከር ኖረ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ጠበቆች የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። የተማሩበት ዩኒቨርሲቲና የአገልግሎት ዘመናቸው አይቀርም፤ የቢሯቸው ሕንፃ ሳይቀር ይነገረናል። የሥራ ክርክር ጠበቃ ሲሆን ግን ዋናው ጥያቄ ይዘለላል፦ ሰውየው እስከ ዛሬ የቆመው ለአሠሪ ነው ወይስ ለሠራተኛ?

በመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበር አመራርነት ሳለሁ የተሰናበቱ አባሎቻችንን ይዤ ብዙ የጠበቃ ቢሮ አንኳኩቻለሁ። የጥብቅና ፈቃድ በሕግ ዘርፍ አይከፋፈልም፤ ፍቺና ውርስ ሲይዝ የኖረ ሁሉ «የሥራ ክርክርም እይዛለሁ» ማለት ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው ገና ወንበር ስባችሁ ስትቀመጡ ነው። አንዱ ስለ ጥብቅና አበሉ ያወራል። ሌላው የስንብት ደብዳቤውን ተቀብሎ መጀመሪያ ቀኑን ያያል።

ቀኑን የሚያየው ወዶ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የክስ ጊዜ ገደቡ በማለፉ፣ ይታገዳል። ሠራተኛው ግን ለሥራ አስኪያጁ ቅሬታ ጽፎ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ «እናየዋለን» ተብሎ ይጠብቃል። አሠሪው በጽሑፍ ካላመነለት በቀር ይህ ሁሉ ይርጋውን አያቋርጠውም። ችሎት ሲደርስ የኩባንያው ነገረ ፈጅ፣ ማለትም የራሱ የሕግ ሠራተኛ፣ ያቺኑ ይርጋ መቃወሚያ አድርጎ ያነሣል፤ በደሉ ሳይሰማ መዝገቡ ይዘጋል።

ነገረ ፈጅ ስል ለመውቀስ አይደለም። እንዲያውም ካየኋቸው ጎበዞቹ ቀድሞ የድርጅት ነገረ ፈጅ የነበሩት ናቸው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዴት እንደሚደረደር፣ የሠራተኛ ማኅደር እንዴት «እንደሚሟላ» ከውስጥ ያውቁታል። አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ እንደሚቀርም ለማስታወስ መጽሐፍ አይገልጡም። የሚያሰጋኝ ዛሬም የዚያው ድርጅት ቋሚ አማካሪ ሆኖ ሠራተኛውን «ተደራደር» የሚለው ነው።

ክስ አጻጻፉም ያስተዛዝባል። ወደ ሥራ መመለስንና ውዝፍ ደመወዝን ጠይቆ፣ ፍርድ ቤቱ መመለሱን ካላመነበት ካሳ እንዲከፈል በአማራጭ የማያቀርብ ጠበቃ አይቻለሁ። ካሳው የአማካይ የቀን ደመወዝ 180 እጥፍ ነው፤ ለአንድ የጽዳት ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድዱ የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎችን የማያገላብጥ ጠበቃማ፣ ሃያ ዓመት ቢሠራም ልምዱ ምኑ ላይ እንደሆነ አይገባኝም።

እናም ቀጣዩን ጠበቃ ስታነጋግሩ እነዚህን ጠይቁልን። ከጽሑፉ ጎን ደግሞ ሦስቱን ወር በጉልህ አስቀምጡልን፤ እዚህ ሰፈር ምሳ ሰዓት ላይ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይነበባል።

አንድ የቀድሞ የሠራተኛ ማኅበር አመራር
አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ